በግምት የተሣሉ ሁለት ክቦች

ወላጆቹ ያወጡለትን ስም የሚያስታውሱት የልጆቹ እናትና የመታወቂያ ወረቀቱ ብቻ ናቸው። በሥራ የሚያውቀው ሰው ሁሉ «ጆሮው» ይለዋል። ስሙ የወጣለት ሥራ በጀመረ በሁለተኛው ዓመት ነው፤ ከዚያ ወዲህ ሠላሳ ዓመት ነጉዷል። ያን ጊዜ ጉልበቱ ያልተነካ፣ እግሩ ፈጣን ነበር፤ ጆሮው ግን ከጉልበቱም ከእግሩም ይበልጥ ነበር።

ሥራው የመዋኛ ገንዳ ማደስ ነው። ሌላው ሰው ገንዳን የሚያውቀው ሞልቶ፣ ሰማይ መስሎ ነው፤ ጆሮው የሚያውቀው ጎድሎ ነው። ውሃው ተመጥጦ ያለቀ ገንዳ ልብሱን እንዳወለቀ ሽማግሌ ነው። ጠባሳው፣ ሽብሽቡ፣ ዱሮ በጥድፊያ የተደፈነው ቁስል ሁሉ ይታያል። ፀጉር ማስያዣ፣ ሳንቲም፣ አንዳንዴም ሰው ሠራሽ ጥርስ ከወለሉ ይገኛል። ጥርሱን ፍለጋ የመጣ ባለቤት ግን እስከ ዛሬ አልታየም።

በዘመኑ ያልገባበት የገንዳ ዓይነት የለም። በትናንሽ ሰማያዊ ሸክላ የተለበጠ የሆቴል ገንዳ አለ፤ የላላውን ሸክላ አንድ በአንድ ነቅሎ በቦታው መልሶ መትከልና ክፍተቱን መሙላት የጥልፍ ያህል ትዕግሥት ይጠይቃል። ላስቲክ የሚነጠፍበትም አለ፤ ላስቲኩ ፀሐይ ላይ ውሎ ካልለሰለሰ አይዘረጋም፣ ከኋላው ያለው አየር ተመጥጦ ካልወጣ ደግሞ ይሸበሸባል፤ አንዴ ከተሸበሸበ እንደ አልጋ ልብስ ነገ ይስተካከላል አይባልም። አንድ ወጥ ሆኖ ከፋይበርግላስ ተሠርቶ መሬት ውስጥ የሚቀበረውም አለ። እሱ በአሸዋ ወረቀት ተፍቆ በሙጫ ይቀባል፤ ሽታው ሦስት ቀን ከአፍንጫ አይወጣም። ይህኛው ክፉ ጠባይ አለው። ዝናብ በጠገበ መሬት ውስጥ ሳለ ውሃውን ካስወጡበት፣ ከሥሩ ያለው የመሬት ውሃ እንደ ጀልባ ወደ ላይ ያነሣዋል። ጆሮውና ጓደኞቹ በወጣትነታቸው ይህን ሳያውቁ የአንድ ባለጸጋ ገንዳ አጉድለው ሄዱ። ጠዋት ሲመለሱ ገንዳው ከመሬት አንድ ክንድ ከፍ ብሎ ተቀምጧል። ባለጸጋው እጁን ከኋላው አጣምሮ አየውና፣ «ጎበዝ፣ እንድታድሱልኝ እንጂ እንድታሳርጉልኝ መቼ አልኳችሁ?» አላቸው። ይህች ነገር ሰብሰብ ባሉ ቁጥር ትነሣለች፤ በተነሣች ቁጥርም ይስቃሉ።

ከሁሉ የሚወደው ግን የሲሚንቶውን ገንዳ ነበር። ነጭ ሲሚንቶና የእምነ በረድ ዱቄት አንድ ላይ ተቡክቶ ግድግዳውና ወለሉ ይለሰናል። ልስን ዕድሜው ሲገፋ ከሥሩ ካለው ግንብ ይላቀቃል፤ ከላይ ሲያዩት ደኅና ነው፣ ከሥሩ ግን ባዶ ነው። በዚያ ባዶ ላይ አዲስ ልስን የደረበ ሰው አሮጌው አዲሱን ይዞበት ይነሣል። ስለዚህ ሥራው የሚጀምረው ከማዳመጥ ነው። ጆሮው ጫማውን ያወልቃል፤ ብረቷ ከወለቀ ብዙ ዘመን የሆናት የመዶሻ እጀታውን ይይዛል፤ ከአንዱ ግድግዳ እስከ ሌላው ትልም እንደሚያወጣ ገበሬ እየተመላለሰ ወለሉን ይመታል። ሙሉው «ድም» ይላል። ባዶው «ኳ» ይላል። «ኳ» ባለበት በቀይ ጠመኔ ክብ ይሥላል፤ ሌሎቹ ክቡን ተከትለው ይፈረፍራሉ።

እሱ በሚያዳምጥበት ሰዓት ሬዲዮ ይዘጋል፤ የሚስል ሰው ከግቢ ይወጣል። ያስነጠሰ የሁሉንም አካፋ ያጥባል። ከጓደኞቹ መካከል ይህን ሕግ ያወጣው አማቹ ነው፣ የሚስቱ ታናሽ ወንድም። እሱም በስሙ አይጠራም፤ «አቡኪው» ነው የሚባለው። እንዲያውም ጆሮው እህቱን ያወቃት በእሱ በኩል ነው፤ ለወንድሟ ምሳ ይዛ ገንዳ ድረስ ስትመጣ።

አቡኪው ልስኑን የሚያቦካ ሰው ነው። ለአንድ ዙር አሥራ አራት ባልዲ ውሃ፤ ሳይበዛ፣ ሳያንስ። ከዚያ ዘግኖ በጡጫው ይጨምቀዋል፤ እጁን ሲከፍት ቅርጹን ካልያዘ አያሳልፈውም። «ሲሚንቶ እንደ ልጅ ነው፣ ውሃ ካበዙበት ይቀብጣል» ይል ነበር። ሁለቱ በአንድ ገንዳ ውስጥ ከነበሩ ተቋራጩ ሻይ ቤት ገብቶ ጋዜጣውን ያነብባል።

እንግዲህ የጆሮው ነገር እንዲህ ሆነ።

ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው እንደሚባለው፣ አመጣጡ እንደ ቀልድ ነበር። መጀመሪያ ስልኩን በቀኝ ጆሮው ሲይዝ የሰው ድምፅ ከሩቅ መጣበት፤ ስልኩ አርጅቷል አለ። ቀጥሎ ሚስቱ ወጥ ቤት ሆና ስታወራው ሳይመልስ ይቀራል። «አንተ ሰውዬ፣ ትሰማኛለህ ወይስ ለግድግዳው ልንገረው?» ትለዋለች። «ሳስብ ነው» ይላታል። «ሐሳብ አብዝተሃል፣ ፈላስፋ ልትሆን ነው መሰለኝ» ትልና ትተወዋለች። እሱም ራስ መነቅነቅን ተማረ። ያልሰማውን ሁሉ በፈገግታና በራስ ንቅናቄ ያሳልፋል። ሠላሳ ዓመት ባዶ ገንዳ ውስጥ የመፈርፈሪያ ማሽን ሲያጓራበት የኖረ ጆሮ ነው፤ በጥጥ የሚደፈን መሆኑን ማንም አልነገረው፣ እሱም አልጠየቀ።

አለመስማቱን ግን ያውቅ ነበር። አላወቅሁም ሊል አይችልም። በኋላ ለራሱ ሊዋሽ በሞከረ ቁጥር የምትመለስበት ይህች ነገር ናት።

የአንድ ትምህርት ቤት ገንዳ ነበር። የሲሚንቶ፣ ሃያ አምስት ሜትር፣ ግማሹ ጥልቀት የሌለው፣ ከመካከሉ ጀምሮ ወደ ጥልቁ ጎን የሚያቆለቁል። ጠዋት ነው። ሬዲዮው ተዘጋ። አምስት ሰዎች ከጠርዙ ላይ ተደርድረው ዝም አሉ። ጆሮው በባዶ እግሩ ወረደና መምታት ጀመረ። ጥልቀት የሌለውን ጎን በግራ ጆሮው ታግሎ፣ አንገቱን እያዘመመ፣ እንደ ምንም ጨረሰው። ቁልቁለቱ ላይ ሲደርስ ግን ከሁለቱ ግድግዳ የሚመለሰው ማሚቶ ተደባልቆ ሁሉም ነገር አንድ ሆነበት። መታ፤ በጨርቅ የተጠቀለለ ድምፅ። አንድ እርምጃ ሄዶ መታ፤ ያው። ድሙን ከኳው የሚለየው ነገር ጠፋ።

እዚያ ቆመ። አማቹ ከላይ ሆኖ ያየዋል። «ና እስቲ አንተም ስማው» ማለት ብቻ ነበረበት። አራት ቃል ናት። ነገር ግን ያቺን ቢላት በማግሥቱ ማን ሊባል ነው? ጆሮው የማይሰማ ጆሮው። ማሽን መያዝ በጉልበት ነው፣ ጉልበቱ አልፏል፤ ማቡካት የአማቹ ነው፤ ለእሱ የቀረችው ያቺ እጀታና ሰው ሁሉ የሚያደርግለት ዝምታ ነበረች።

ጎንበስ ብሎ ከቁልቁለቱ በላይ ሁለት ክብ ሣለ። በግምት። አንዱን ተለቅ፣ አንዱን አነስ አደረገው፣ እውነት እንዲመስል። ከዚያ ቀና ብሎ፣

«ሌላው ሙሉ ነው» አለ።

ሬዲዮው ተከፈተ።

ልስኑ ተሠራ፤ በአንድ ቀን፣ ሳይቋረጥ፣ ነጭና ለስላሳ ሆኖ። ውሃ ሞላ። ልጆች ገቡበት። በአምስተኛው ወር ከቁልቁለቱ መካከል የትሪ ስፋት ያህል ልስን አሮጌውን ይዞ እንደ ቁስል ቅርፊት ተነሣ። የዋና አስተማሪዋ ሁልጊዜ ሕፃናቱን የምታስተምረው እዚያ ቆማ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ጥልቅ ስለሆነ ልጆቹን በሰውነቷ ትከልላለች። ጠርዙ እንደ ጠርሙስ ስባሪ ስል ነበር። ውስጥ እግሯን እስከ ጅማቱ ከፈለው። ውሃው እንዴት እንደ ቀላ ያዩ ልጆች ከዚያ በኋላ ወር ሙሉ ገንዳ አንገባም ብለው አለቀሱ ይባላል።

በሳምንቱ ገንዳው ጎድሎ ሁሉም ተጠራ። ተቋራጩ የተነሣውን ልስን በእጁ ይዞ ያገላብጠዋል።

«ይሄ ሁለት ነገር ነው» አለ። «ወይ ከሥሩ ባዶ ነበር፣ ወይ ቡኮው ቀጥኗል።»

«ባዶማ ሊሆን አይችልም» አለ አንዱ ለሳኝ። «ጆሮው መትቶታል እኮ።»

ሁሉም ተስማሙ። ያኔ አቡኪው ራሱ ቀረብ አለ። ማንም ጣቱን ሳይቀስርበት፣ ማንም ሳይጠይቀው። ቆቡን አውልቆ በእጁ ያሻሻል።

«እኔ እሆናለሁ» አለ። «እሱ ሙሉ ነው ካለ ሙሉ ነው። ያን ቀን ነፋስ ነበር፤ ይደርቅብኛል ብዬ ውሃ ጨምሬ ይሆናል። አላስታውስም። ግን እኔ ነኝ የምሆነው።»

ተቋራጩ ወደ ጆሮው ዞረ። «አንተስ ምን ትላለህ?»

ያን ጊዜ ጆሮው ዝም ቢል እንኳ በደሉ የዝምታ በደል በሆነ ነበር፤ ሰው ደንግጦ ዝም ይላል። እሱ ግን ተናገረ።

«እንግዲህ… እውነት ነው፣ ነፋስ ነበር» አለ።

አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ። አቡኪው በዚያው ወር ሥራውን ለቀቀ። ማንም አላባረረውም፤ «እጄን አላምነውም» አለና ሄደ። አሁን የአንድ መጋዘን በር ጠባቂ ነው። ሰማያዊ ኮት ለብሶ፣ የሚገባና የሚወጣ መኪና ቁጥር እየጻፈ ይውላል።

ጆሮው ነገሩን ሆድ ይፍጀው ብሎ ያዘው፤ ሆድ ግን ሁሉን አይፈጅም። በሥራ ላይ ዘዴ አበጀ። የሸክላና የላስቲክ ገንዳ ሲመጣ ይሄዳል፤ የሲሚንቶ ሲመጣ ጉልበቴን አመመኝ፣ ወገቤን ያዘኝ ይላል። ከቤት ግን ማምለጫ የለም። ባለፈው ዓመት የመኝታ ቤቱ ግድግዳ ተሰነጠቀ። ሚስቱ ወንድሟን ጠራችው፤ ለአንድ ስንጥቅ የሚበቃ፣ በሰሐን የምታልቅ ሲሚንቶ ናት። አቡኪው በኩባያ ውሃ ለካ። አየውና ደፋው። እንደገና ለካ። ኩባያውን ወደ መስኮቱ ብርሃን አንሥቶ አየውና መልሶ ደፋው። በሦስተኛው ኩባያውን ወለሉ ላይ ቀስ አድርጎ አስቀመጠው።

«እህቴ፣ ሌላ ሰው ይሥራልሽ» አላትና ወጣ።

ሚስቱ ከኋላው ስታየው ቆይታ፣ «ወንድሜ እጁን ፈራ» አለች። በግራ ጆሮው በኩል ነበረችና ጆሮው ጥርት አድርጎ ሰማት። ራሱን ነቀነቀ።

በዚህ ዓመት፣ ነገሩ ሁለት ዓመት ካለፈው በኋላ፣ ተቋራጩ ደወለለት። ስልኩን በግራ ያዘው።

«የትምህርት ቤቱን ገንዳ አስታወስከው? ሙሉውን ሊያሳድሱት ነው። ነገ ጠዋት ወርደህ ምታልኝ። ጉልበት፣ ወገብ የምትለውን ዛሬ አልሰማህም፤ ከጉልበትህ ጋር ምን ጉዳይ አለኝ፣ እኔ የምፈልገው ጆሮህን ነው።»

ሰዎቹ የሚመጡት በማግሥቱ ነው፤ እሱ ግን በዚያው ዕለት ብቻውን ሄደ። ገንዳው ጎድሏል። የተነሣው ቦታ ያን ጊዜ በተራ ሲሚንቶ ተደፍኖ እንደ ጥቁር ማድያት ይታያል። በባዶ እግሩ ወርዶ መታ፤ እንደ ትራስ። አንገቱን ወዲህም ወዲያም አለ፤ ምንም የለም። ከላይ ሰው መቆሙን ያወቀው ጥላዋ እግሩ ሥር ሲወድቅ ነው። የዋና አስተማሪዋ ናት። ስትራመድ ግራ እግሯን በትንሹ፣ በጣም በትንሹ ትሰበስባለች።

«አባባ፣ እንደምን አሉ? ስጣራ አልሰሙኝም እኮ።»

«ሥራ ላይ ሆኜ ነው፣ ልጄ።»

«የዚያን ጊዜው ሰውዬ፣ ያቦካው፣ ደኅና ነው? ሐኪም ቤት ሦስት ቀን ተመላልሶ ጠየቀኝ። እግሬን እያየ ሲያለቅስ እናቴ እሱን ማባበል ጀመረች። ‹የእጅ ሥራ ነው፣ ይሳሳታል፤ ከልቤ ይቅር ብዬሃለሁ› አልኩት። ሰላም በሉልኝ፣ እሺ?»

«እሺ» አለ ጆሮው።

ሐኪም ቤት መሄዱን አያውቅም ነበር። እሱ ራሱ አንድ ቀን እንኳ አልሄደም።

ከዚያ በቀጥታ ወደ መጋዘኑ ሄደ። መንገዱ ሩቅ ነው፤ አውቶቡስ ትቶ በእግሩ ገሠገሠ፤ ቢቆም ሐሳቡን እንደሚለውጥ ራሱን ያውቀዋል። አቡኪው ከበሩ አጠገብ በተጠገነ ወንበር ላይ ተቀምጦ ዳቦውን ሻይ ውስጥ እየነከረ ይበላል።

«ምን እግር ጣለህ?» አለ ደስ ብሎት። «እህቴ ደኅና ናት?»

«ደኅና ናት።» ጆሮው ወንበር ስቦ በአቡኪው ግራ በኩል ተቀመጠ፤ ከዚያ ተነሥቶ ዞረና ግራ ጆሮውን ወደ እሱ አድርጎ ተቀመጠ። ስለ ሙቀቱ አወራ። ስለ መጋዘኑ ጣራ ጠየቀ። ዳቦው ትኩስ መሆኑንም ጠየቀ።

«አማቼ» አለ አቡኪው፣ «ጣራና ዳቦ ለመጠየቅ ነው ይሄን ሁሉ መንገድ የመጣኸው?»

«ጆሮዬ አይሰማም።»

አቡኪው ሳቀ። «ለኔ ነው የምትነግረኝ? እህቴ ከግድግዳ ጋር ነው ትዳሬ ስትል አይደል የምትውለው።»

«ቀኙ ጨርሶ አይሰማም። ግራውም ግማሹን ነው። ሦስት ዓመት አልፎታል።»

ዳቦ የያዘው እጅ ወደ አፉ ሳይደርስ ቆመ።

«ሦስት ዓመት» አለ አቡኪው።

«አዎ።»

«የትምህርት ቤቱ ልስን ገና ሦስት ዓመት አልሞላውም።»

«አልሞላውም።»

«ክብ ሥለሃል እኮ። ሁለት ክብ። ከቁልቁለቱ በላይ፣ አንዱ ትልቅ አንዱ ትንሽ። በዓይኔ አይቻለሁ።»

«በግምት ነው የሣልኳቸው።»

የመኪና ጡሩምባ ተነፋ። አቡኪው ተነሣ፤ በሩን ከፈተ፤ የሾፌሩን ወረቀት ተቀብሎ ቁጥሩን በዝግታ ጻፈ፤ መኪናው ከገባ በኋላ በሩን ዘጋና መቀርቀሪያውን ሁለት ጊዜ ነካካው። ተመልሶ ሲመጣ አልተቀመጠም።

«አሥራ አራት ባልዲ» አለ። ድምፁ ከፍ አላለም። «ሁልጊዜም አሥራ አራት ነው። ያን ቀንም አሥራ አራት ነበር። ግን አንተ ሙሉ ነው ካልክ እኔ አጥፍቻለሁ ማለት ነው ብዬ፣ ይሄን ሁሉ ጊዜ አሥራ አምስተኛውን ባልዲ ስፈልግ ኖርኩ። በሕልሜ ሳይቀር ባልዲ እቆጥራለሁ። መቼ ጨመርኩት? ማን ሲጠራኝ ነው ዞር ያልኩት? ነፋሱንም እኮ ከራሴ ነው ያመጣሁት። ነፋስ ነበር እንዴ ያን ቀን?»

ጆሮው ራሱን መነቅነቅ ፈለገና ተወው። «አልነበረም።»

«አንተ ነበር ብለሃል።»

«ብያለሁ። ይቅር በለኝ። ነገ ጠዋት ገንዳው እንደገና ይመታል፤ ለሁሉም እዚያ እነግራቸዋለሁ።»

አቡኪው የቀዘቀዘውን ሻይ መሬት ላይ ደፋው። ብርጭቆውን አራገፈ።

«እህቴ ታውቃለች?»

«አታውቅም።»

«ዛሬውኑ ንገራት። ከኔ አፍ እንዳትሰማው። አሁን ሂድ፣ ሥራ ላይ ነኝ።»

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ሚስቱ ልብስ ስታጥፍ አገኛትና ሁሉንም ነገራት። የያዘችውን ሸሚዝ፣ የራሱን ሸሚዝ፣ አልጋው ላይ ሳታጥፈው አስቀመጠችው።

«እኔ ስጠራህ ሳስብ ነው ስትለኝ የነበረው» አለች፣ «ይሄንን ስታስብ ነበር?»

«አንዳንዴ ይሄንን። አንዳንዴ ደግሞ አልሰማሁሽም።»

«ወንድሜ ያን ኩባያ ሲደፋ እዚህ ቆመህ አይተሃል።»

«አይቻለሁ።»

ራቱን አቀረበችለት፤ ውሃውን አጠገቡ አደረገችለት፤ እሷ ግን ከሌላው ክፍል ሆና በላች። ብትጮህበት ይሻለው ነበር። ጩኸት ቢሆን ይሰማዋል።

በማግሥቱ ጠዋት ሰዎቹ ከገንዳው ጠርዝ ተሰብስበዋል። ተቋራጩ ሬዲዮውን ራሱ ዘጋው። የዋና አስተማሪዋም ገንዳው ሲመታ ልታይ መጥታለች። ጆሮው ጫማውን አላወለቀም። እጀታውን በሁለት እጁ ይዞ፣ በእነዚያ ሁሉ ፊት፣ ከስልኩ ጀምሮ እስከ ሁለቱ ክቦች ድረስ ተናገረ። አጭር ነው። ለዓመታት የከበደው ነገር ሲነገር ሲጋራ እስኪያልቅ እንኳ አልፈጀም።

ተቋራጩ ቆቡን ወደ ኋላ ገፋ አድርጎ፣ «አሃ» ብቻ አለ። በዚያ ቀን ባዶማ ሊሆን አይችልም ያለው ለሳኝ ወለሉን አየ። አስተማሪዋ ግን ዓይኑን ነው ያየችው።

«ታዲያ እኔ ይቅርታዬን ለሌላ ሰው ነው የሰጠሁት ማለት ነው» አለች።

«አዎ፣ ልጄ።»

«ሁለተኛ የለኝም እኮ።» ይህን ያለችው በቁጣ አልነበረም፤ ኪሱን ፈትሾ ምንም እንዳጣ ሰው ነበር። ከዚያ፣ «ቆይ እስቲ፣ ጊዜ ይስጡኝ» አለችና ወደ ክፍሏ ሄደች። ስትሄድ ጆሮው ያንን እግር አየው። እስካሁን ደፍሮ አላየውም ነበር።

«ጥሩ» አለ ተቋራጩ። «የሆነው ሆኗል፣ እንነጋገርበታለን። አሁን ማን ነው የሚሰማልን?»

ያኔ በበሩ በኩል ሰማያዊ ኮት የለበሰ ሰው ገባ። አቡኪው ነው። ለማንም ሰላም ሳይል መጥቶ ጠርዙ ላይ ተቀመጠ፤ ጫማውን አወለቀ፤ ካልሲዎቹን አጣጥፎ በጫማው ውስጥ ከተተ። ከዚያ እጁን ዘረጋ። ጆሮው እጀታውን ሰጠው።

«ላንተ ብዬ አይደለም የመጣሁት» አለ አቡኪው ሳያየው። «ልጅቷ ነገም የምትቆመው እዚያው ነው። ቡኮውንም ሌላ ሰው ያቡካው፤ እኔ የመጣሁት ለመስማት ብቻ ነው። ጠመኔህን ያዝ።»

ወረዱ። አቡኪው ከፊት እየመታ፣ ጆሮው ጠመኔውን ይዞ ከኋላ። ከላይ አንድ ሰው ማሳል ጀምሮ አፉን አፈነ። ጥልቀት የሌለውን ጎን ጨረሱ፤ እዚያ አቡኪው በጣቱ ሲያመለክት ጆሮው እየተንበረከከ ሦስት ክብ ሣለ። ከዚያ ቁልቁለቱን ጀመሩ፤ አቡኪው ዞሮ ከጆሮው በስተቀኝ ሆነ። መታ። አንድ እርምጃ ሄደ፤ መታ። ቆመና እዚያው ደጋግሞ መታው፤ አንገቱን ሳያዞር አንድ ነገር ተናገረ።

ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ ጆሮው አይቷል። የለመደው ፈገግታ ወደ ፊቱ መጣ፤ ራሱም ሊነቀነቅ ጀመረ። ያ ንቅናቄ መካከል ላይ ቆመ።

«አልሰማሁህም» አለ። «ድገምልኝ።»

አቡኪው ዞሮ አየው። ከዚያ እጀታውን ወለሉ ላይ እንዳቆመ፣ ሁለት እርምጃ ተሻግሮ በግራው በኩል መጣ።

«እዚህ ጋ ነው አልኩህ» አለው። «ባዶ ነው።»

ጆሮው ተንበርክኮ ክቡን ሣለ።